ሬዲዮ ኦፕሬተር ለመሆን ላሰባችሁ ልጆቼ

የጎረቤቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። ዱሮ በሠራዊቱ ሬዲዮ ኦፕሬተር እንደነበርኩ ያውቃል። ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ ሳለን «ጋሼ፣ ወታደር ቤት ከገባሁ አይቀር መገናኛ ክፍል ይሻለኛል። ሬዲዮ ኦፕሬተር ሥራው ቁጭ ብሎ ማውራት ነው አይደል?» አለኝ። ሳልመልስለት ሌላ አስከተለ። «በዚያኛው ጫፍ የሚያወራውን ሰውዬ ግን ታውቁት ነበር?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ የምለው ነበረኝ። ሁለተኛው ላይ አፌ ተያዘ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሥራው ማውራት አይደለም፣ መስማት ነው። ተረኛ ስትሆን ሌሊቱን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አድርገህ የሚንሿሿ ድምፅ ትሰማለህ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንደ መተኛት ነው። ከዚያ ውስጥ የራስህን መጥሪያ ስም ለይተህ ማውጣት አለብህ። እንቅልፍ ሲጥልህ መንሿሿቱ ራሱ የሚጠራህ ይመስልሃል። አዲስ ልጅ ከሆንክ ትመልሳለህ። ማንም አልጠራህም።

ንግግሩም ቢሆን እንደ ስልክ አይደለም። የመነጋገሪያውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ትቆያለህ፣ ከዚያ ትናገራለህ። ከቸኮልክ የመጀመሪያው ፊደል ተቆርጦ ይቀራል። «አትተኩሱ» ብለህ «አት»ዋ ብትቆረጥ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው «ተኩሱ» ነው። ስለዚህ እኛ «ተኩስ አቁሙ» እንል ነበር። ቁልፉን ይዘህ እስካለህ ድረስ ደግሞ ሌላውን አትሰማም። የያዝከውን ለቀህ ዝም ማለት መቻል አለብህ።

እኔ የዘመትኩት በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ ጦር ግንባር ነው። ያኔ ሠራዊቱ ከአሜሪካ መሣሪያ ወደ ሩሲያ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። እኔ የተሸከምኳት አር-105 የምትባለዋን የጀርባ ሬዲዮ ነው። ከባትሪዋ ጋር ከአሥር ኪሎ በላይ ናት። መለያ ጽሑፎቿ ሁሉ በሩሲያ ፊደል ነበሩ። ፕላስተር ቆርጠን በአማርኛ ጽፈን ለጠፍንባት። ላብና አቧራ ሲበዛ ጽሑፉ ይጠፋል፣ እንደገና እንጽፋለን። በኋላ ግን ጣቶቼ በጨለማም ያውቋት ነበር። በአጭሩ አንቴና ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ታደርሳለች። ያም ጋራ ካልገባበት ነው።

ጎጃም ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ደጀን አፋፍ ላይ ብትቆሙ ጎሐ ጽዮን ያለውን ጓደኛችሁን በእንዲህ ያለ ሬዲዮ፣ ረዥሙን አንቴና ዘርግታችሁ፣ ታነጋግራላችሁ፣ ማዶ ለማዶ ትተያያላችሁና። ዓባይ ድልድይ ጋ የወረደው ግን አይሰማችሁም። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ መካከል ላይ ተራራው አለ። ለሩቅ ሌላ ዓይነት ሬዲዮ አለ፣ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድ። እሱ ደግሞ ቀን ከፍ ያለ፣ ሌሊት ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይፈልጋል። ከሠራዊቱ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ገበሬዎች አጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዘው ይመጡ ነበር። «ማታ ደህና ይሠራል፣ ቀን ይሞታል» ይሉኛል። ሬዲዮው ምንም አልሆነም። ሰማዩ ነው የሚለወጠው። ገንዘብ ሳልቀበል ስመልሳቸው የማያምኑኝም ነበሩ።

ስለ ታዛዥነት፣ ስለ ሰዓት ማክበር አልጽፍም። እሱን ማሠልጠኛው ያስተምራችኋል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በዚያኛው ጫፍ ያለውን ሰው አላውቀውም ነበር። ማለቴ፣ መልኩን አላውቀውም። ድምፁን ግን ከወንድሜ ድምፅ ይልቅ አውቀው ነበር። ጎርነን ያለ ነው። መስመር ለመሞከር ከአንድ እስከ አሥር ሲቆጥር ሰባት ላይ ይረግጣል። በሬዲዮ ስም አይጠራም፣ አገር አይጠራም። መጥሪያ ስማችንም በየጊዜው ይቀየር ነበር። አነጋገሩ ግን የእኛ አገር ሰው መሆኑን ያስታውቅ ነበር። ጥር 18 ቀን ጠዋት ቆጥሮ ሲጨርስ «ዛሬ የሞጣ ጊዮርጊስ ነው» አለና ቁልፉን ለቀቀ። ደንብ መጣሱ ነበር። እኔም «እንኳን አደረሰህ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ነገሩ የሆነው የካቲት ላይ ነው፣ ጅጅጋ በ26 በእኛ ጦር ከመለቀቋ በፊት በነበሩት ሌሊቶች በአንዱ። ከእኛ ፊት አንድ የቅኝት ቡድን ተልኳል። እሱ ከነሱ ጋር ነበር። ማምሻውን ለእኛ ትእዛዝ መጣ። እስኪነጋ ማንም ሬዲዮ ድምፅ አያሰማም፣ መስማት ብቻ። ብዙ ጦር ከሥራችን ባለው ሸለቆ በጨለማ ያልፍ ነበር።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጠራኝ። «እየሰማኸኝ ነው? ከሰማኸኝ መልስ።» ትንሽ ቆይቶ ደገመ። እንደገና ደገመ። አዛዡ ከጎኔ ነበር፤ ኦፕሬተር ከአዛዡ አይለይም። ሰማ። እጁን በእጄ ላይ አድርጎ «አትመልስ» አለኝ።

ምክንያቱን ታውቁት ዘንድ ላስረዳ። ጠላት ሁለት ቦታ ላይ አቅጣጫ የሚለይ መቀበያ ካለው፣ አንተ ቁልፉን ስትጫን ከሁለቱም ወደ አንተ መስመር ይሰምራል። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንተ ነህ። ሳትናገር መጫንህ ብቻ ይበቃል። ሌላም ነበር። አዛዡ «ሬዲዮው ተማርኮ ቢሆንስ?» አለኝ። ይህም ዝም ብሎ ስጋት አይደለም። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ፣ ደብረ ማርቆስ ከጣሊያን እጅ እንደወጣች፣ ጣሊያንኛ የሚችል አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ከዚያው ከከተማው ስልክ አንስቶ ዓባይ መሻገሪያ ላይ ወዳለው የጣሊያን ጦር ደወለ። ብዙ ሺህ ሠራዊት እየመጣባችሁ ነው አላቸው። አምነው ቦታውን ለቀቁ። በአንድ ድምፅ ብቻ። ስለዚህ የምታውቁት ድምፅ እንኳ ቢሆን በምስጢር ቃል ሳታረጋግጡ አትመኑ።

እኔ ግን እሱ መሆኑን አውቃለሁ። ሰባት ላይ ሲረግጥ ሰምቼዋለሁ።

መልስ ሲያጣ ምን አደረገ መሰላችሁ? አልተሳደበም፣ አልለመነም። «መልስ የለም፣ መልእክቴን እልካለሁ» አለ። ያሉበትን ቦታ በኮድ አነበበ። የቁስለኞቹን ቁጥር አነበበ። በደንቡ መሠረት ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገመው። «ጨርሻለሁ» አለ። እኔ በእጅ ባትሪ ጭላንጭል አንድ ሳላስቀር መዝገብ ላይ ጻፍኩት። ወረቀቱን አዛዡ ተቀበለኝ። ሲነጋ ሰዎች ወደዚያ ተላኩ፤ እኛ ደግሞ ወደፊት ቀጠልን። ምን እንዳገኙ የነገረኝ የለም። ያን ድምፅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም።

አዛዡ ትክክል ነበር። ያኔም ዛሬም እንዲሁ እላለሁ። ከሥር ያለፈው ጦር ሳይነካ አለፈ። የሚቆጨኝ ዝም ማለቴ አይደለም። ያ ልጅ እንደሰማሁት አለማወቁ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ሄድኩ። ስሙን የማታውቁትን ሰው እንዴት ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ጠላ ቤት ገብቼ «ከዚህ አገር የዘመተ፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ ድምፀ ጎርናና ልጅ» አልኩ። ሰዎቹ በክብር ተቀበሉኝ። ወሬው ተዳርሶ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው በዚያው ዘመን ዘምቶ ቀርቷል። «የኔ ልጅ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ሬዲዮ ይይዝ እንደነበር አያውቁም። አዎ ብል ውሸት፣ አይደለም ብልም ውሸት። አብሬያቸው ተቀመጥኩ እንጂ ምንም አላልኩም። መዝገብ ይኖራል ተብሎ የተላክሁበት ቢሮም ያለ ስም ፋይል አይፈለግም አለኝ።

እናንተ ልጆች ስታወሩ አያለሁ። የድምፅ መልእክት አፍጥናችሁ ትሰማላችሁ። ሰው ሳይጨርስ ትመልሳላችሁ። በዚህ ጠባይ ይህ ሥራ አይሆንም ስል ቆይቼ፣ ደብረ ማርቆስ ስልክ የሚጠግኑትን ወጣቶች ሳይ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ከጥፍር ያነሰች እቃ ላይ ግማሽ ቀን ያቀረቅራሉ። እኔ በነሱ ዕድሜ ያን ያህል ትዕግሥት አልነበረኝም። በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ደግሞ መልእክት ልኮ መድረሱን አለማወቅ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ቀምሳችሁታል።

ለጎረቤቴ ልጅ ግባም አትግባም አላልኩትም። እሱ የራሱና የእናቱ ጉዳይ ነው። ከገባ ግን ለምደባ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ካምፕ ሳለ፣ በሌላው ጫፍ የሚቀመጠውን ሰው ሄዶ ይፈልገው። አብረው ምሳ ይብሉ፣ ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ሰፈሩን ይጠይቀው። ሬዲዮ ላይ ስም አይጠራም፤ ይህን ደንብ አክብሩ። እኔ ግን ያን የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ደንቡን ጥሼ ስሙን ብጠይቀው ኖሮ ዛሬ ደስተኛ ነበርኩ።

ይህን ከሚያነቡት መካከል የሞጣና የአካባቢው ልጆች ትኖራላችሁ። በ1970 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ያልተመለሰ፣ ሬዲዮ ይይዝ የነበረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ካለ፣ ወይም እሱ ራሱ በሕይወት ካለ፣ መልእክቱ ደርሶ ነበር በሉልኝ። ሙሉውን፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ።