የእድሩ ስልክ ቁጥር የት ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ዌብሳይት በጋራ እየሠራችሁ የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። ዛሬ ቦታውን ለእናንተ ለቅቄያለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ቅር እንዳትሉኝ።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። የመጀመሪያ ሥራችን ነው። ከሎጎ እንጀምር ወይስ ከቀለም?

መልስ፦ ከጽሑፉ ጀምሩ። ምን እንደምትሉ ሳታውቁ ቦታ ልታወጡለት አትችሉም።

ጥያቄ፦ ደብዳቤውን የላኩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው። ሰባት የኮሚቴ አባላት ሆነው ዌብሳይት ሊሠሩ ተነሡ፤ ይኸው አምስት ወራቸው። ሊቀመንበሩ ሰላምታቸው ከነፎቷቸው ከላይ ይሁን ይላሉ። ገንዘብ ያዧ መዋጮው ይቅደም ባይ ናቸው። ወጣቶቹ ደግሞ የሽርሽሩን ፎቶዎች ይፈልጋሉ። «ማንም እንዳይቀየም ለሁሉም እኩል ቦታ ብንሰጥስ?» ብለውኛል።

መልስ፦ እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ። የላኩልኝን ረቂቅ በስልኬ ከፈትኩት። መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ፎቶ መጣ። ወደ ታች ወረድኩ፤ ሰላምታው። አሁንም ወረድኩ፤ የሽርሽሩ ፎቶዎች፣ አሥራ አራት ናቸው። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ከዚያ የመዋጮው ሰንጠረዥ። የእድሩን ስልክ ያገኘሁት «ስለ እኛ» የሚለውን ከፍቼ፣ «አድራሻ» የሚለውን ነክቼ ነው። ያውም ቁጥሩ ፎቶ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ብነካው አይደውልም።

አሁን አንዲት ሴት ያስቡልኝ። ሌሊት ነው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማለች። ባለቤቷ ማረፉን አሁን ነገሯት። የእድሩን ነገር የሚከታተለው እሱ ነበር፤ መዋጮ የሚከፍለው፣ ስብሰባ የሚሄደው እሱ። እሷ የምታውቀው የእድሩን ስም ብቻ ነው። ስሙን ስልኳ ላይ ጻፈችና ገጹን ከፈተች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህቺ ሴት አሥራ አራት የሽርሽር ፎቶ እስኪከፈት ትጠብቅ?

እድሩ የቆመው ለእሷ ነው። ገጹም ለእሷ ይሠራ።

ይህ የእናንተ ኮሚቴ ችግር ብቻ አይደለም። ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰዎች በጋራ የሚነድፉት ነገር እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ ይመስላል ብሎ ነበር። ኮሚቴው ሰባት ስለሆነ ገጹም ሰባት ቦታ ተሸነሸነ። እድርተኛው ግን ማን የየትኛው ክፍል ኃላፊ እንደሆነ አያውቅም። ማወቅም የለበትም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኮምፒውተሩን ዝጉት። ለእያንዳንዱ አባል ብጣሽ ወረቀቶች ይስጡ። በቅርቡ ስለ እድሩ ማን ደወለልኝ? ምን ጠየቀኝ? በአንድ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይጻፍ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ተመሳሳዩን አንድ ላይ ደርድሩ። «ሰው ሞቶብኛል፣ ለማን ልደውል?» «አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ እድሩ ምን ያግዘኛል?» «ውዝፍ አለብኝ ወይ?» «እህቴ አባል መሆን ትፈልጋለች፣ እንዴት ትመዝገብ?» የገጹን ቅደም ተከተል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። ብዛቱን ብቻ አትዩ። «ሰው ሞቶብኛል» የሚለው አንድ ወረቀት ብቻ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ነው። ስልክ ቁጥሩ በትልቁ፣ ሲነካ በሚደውል ጽሑፍ፣ ከላይ ይቀመጥ።

ከዚያ ሥራውን በስም ተከፋፈሉ። አንዱ ይጻፍ፣ ሌላው ያርም፣ ሦስተኛው ይሥራ። የመጨረሻው ቃል ግን የአንድ ሰው ይሁን። እኔን ከጠየቁኝ፣ የእድሩን ስልክ የሚያነሣው ሰው ይሁን። የሰዉን ጭንቀት ከእሱ በላይ የሰማ የለም። ገጹ ከተከፈተ በኋላ የሚያድሰው ሰውም ከአሁኑ ይታወቅ። ስልክ ቁጥር በተቀየረ ቀን ገጹ ላይም ካልተቀየረ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ሊቀመንበሩ እንዳይከፋቸው ሰግተዋል። የሴትየዋን ነገር ይንገሯቸው። ስንት ለቅሶ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው፤ ይገባቸዋል። ሰላምታቸውም «ስለ እኛ» ውስጥ በክብር ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ከላይ የሚንቀሳቀሱ ፎቶዎችና ሙዚቃ ብናስገባስ?

መልስ፦ ይቅርባችሁ። ሰው ካርድ ሞልቶ ነው የሚገባው። መጠኑ የተቀነሰ አንድ ጥሩ ፎቶ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታቸውን ገጽ የሚሠሩ ተማሪዎች ናቸው። ታሪኩን የጻፉት መምህር የተጠቀሙት የድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው። ገልብጠው ሲለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆንባቸዋል። «ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ አልተበላሸም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚያሳዩት። የሶፍትዌሩ ፎንት (የፊደሉን መልክ የሚሰጠው ፋይል) በሌለበት ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ከዚያ መምህሩ ራሳቸው መስመር በመስመር ያንብቡት፤ መቀየሪያው አንዳንድ ፊደል ሊስት ይችላል። ከእንግዲህ የቡድኑ አባል ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ።

«ፎቶ አንሥተን ብንለጥፈውስ?» ያለው ልጅ፣ አደራህን! ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም ያልፈዋል። ስልክ ላይ ሲያጎሉትም ከስክሪኑ ይወጣል። ለፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። በመስመሮቹ መካከል ለእንግሊዝኛ ከምትሰጡት ሰፋ ያለ ቦታ ስጡ። ማጉላት የምትፈልጉትን ቃል አድምቁት እንጂ አታጋድሙት። ፊደላችን ሲጋደም ለዓይን ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የክሊኒክ ቀጠሮ የሚያዝበት ገጽ የሠሩ ሦስት ወጣቶች፣ 9:00 የተባለው ታካሚ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ እየመጣ ተቸግረዋል። «ሰዉ ሰዓት ማንበብ አይችልም ወይ?»

መልስ፦ ሰዉ በደንብ ይችላል። በአገሩ ሰዓት ነው ያነበበው። ስህተቱ የገጹ ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉት። በውጭው አቆጣጠር የሚሄድ ታካሚ ካላችሁ ከሥሩ 9:00 ብላችሁ ጨምሩ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡት።

ገጻችሁን ሞክሬ ሌላ ነገር አይቻለሁ። የልደት ቀን የሚሞላበት ቦታ 12 ወር ብቻ ነው ያለው። ጳጉሜን 3 የተወለደች ሴት ምን ትሙላ? ለውጭው አቆጣጠር የተዘጋጀውን የቀን መሙያ እንዳለ ስለወሰዳችሁት ነው። አስተካክሉት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ቅጹ ላይ «ሕመምዎን ይግለጹ» የሚል ቦታ አለ። ያ የሰው ገመና ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያና የመረጃ ደኅንነት ባለሙያ ሳያዩት ያንን ቦታ አትክፈቱ። ዛሬውኑ አውጡት። ለቀጠሮ ስምና ስልክ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መፈለጊያው ላይ «ሃኪም» ብለው ሲጽፉ «ሐኪም» አይመጣም።

መልስ፦ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ልጅ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነዘሮቻቸው ለፍለጋ ብቻ እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው ያድርግ። «ሃ» እና «ሀ»ም አንድ ድምፅ ስለሆኑ አብረው ይታዩ። ገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ እንዳለ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ዌብሳይቱን የሠራላቸው ልጅ ውጭ አገር ሄደ። ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ) ፓስወርዱም በእሱ ስም ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ በደኅና ቃል ደውሉለት፤ ረስቶት ይሆናል። እንቢ ካለ ጠበቃ አማክሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በማኅበሩ ኢሜይል ይመዝገብ፣ ቁልፉም ሁለት ሰው ጋ ይሁን።

ጥያቄ፦ ነጭ ላይ ወርቃማ ፊደል ያምራል?

መልስ፦ አይነበብም። የፊደሉና የመደቡ የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ገጻችንን ሳንከፍተው መፈተን እንፈልጋለን፤ ገንዘብ ግን የለንም። ስንት ሰው ያስፈልገናል?

መልስ፦ አምስት። ጄኮብ ኒልሰን የተባለ የዌብሳይት አጠቃቀም ባለሙያ በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ አብዛኛው ችግር በአምስት ሰዎች ይገለጣል። ከቡድናችሁ ውጭ የሆኑ ሰዎች ይሁኑ። ቢያንስ አንዷ መነጽር የምታደርግ እናት ትሁን፤ ስልኩም የራሷ ይሁን። አንድ ሥራ ስጧት፦ «የእኛን ቁጥር ፈልገሽ ደውዪልን» በሏት። ከዚያ ዝም በሉ። ስትሳሳት ከጎኗ ሆናችሁ «እዚያ ጋ ነካ አድርጊው» ማለት ያምራችኋል። አትናገሩ፤ ጣቷ የቆመበትን ቦታ ብቻ ጻፉ።