ልጄ ዝም አለችኝ፤ ምን ላስነብባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመት ልጅ አለችኝ። እስካለፈው ዓመት ድረስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወሬዋን ትጀምር ነበር። አሁን በሯን ዘግታ መቀመጥ ሆኗል ሥራዋ። ምን ሆነሽ ስላት መልሷ "ምንም" ነው። ሰውነቷ እየተለወጠ ነው። የልብ ጓደኛዋም ከሌሎች ልጆች ጋር ገጥማለች። በዚህ የክረምት እረፍት ስለ ማደግና ስለ ለውጥ የሚያወሩ መጻሕፍት ላስነብባት አስቤአለሁ። የትኞቹን ልግዛላት? ካነበበች በኋላስ እንዴት ላወያያት?
የአንዲት ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አያወያዩአት።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። "ይጠቅምሻል" ተብሎ የተሰጠ መጽሐፍ በማግስቱ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ልጁ ራሱ ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ ያወጣው ግን ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ሻይ ይፈስበታል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ምክር በሩቁ ይሸተዋል። "ይኸው፣ እንዳንቺ ያለች ልጅ ታሪክ" ብለው ከሰጧት አለቀ፤ አትከፍተውም። ሦስት አራት መጽሐፍ ሳሎን ውስጥ ጣል ያድርጉና ስለ እነሱ ምንም አይናገሩ። አንዱን እርስዎ ያንብቡ። የምትወስደውን ትወስዳለች።

ለእርስዎ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣውን "አን ኦፍ ግሪን ጌብልስ" ነው። የጻፈችው ካናዳዊቷ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ ናት። ማሪላና ማቲው የሚባሉ ያላገቡ እህትና ወንድም ለእርሻ ሥራ የሚያግዛቸው ወንድ ልጅ ከማሳደጊያ ይጠይቃሉ፤ በስህተት የ11 ዓመት ሴት ልጅ ትመጣላቸዋለች። አን ወሬዋ አያልቅም። ገጽ ሙሉ ብቻዋን ታወራለች፤ አንዳንዴ እኔንም አድክማኛለች። መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ግን አንድ ቀን ማሪላ አጠገቧ ትቆምና ልጅቷ በቁመት እንደበለጠቻት ታያለች። የዚያን ዕለት ምሽት ብቻዋን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ እንደ ድሮው አታወሪም፣ ምን ነካሽ ብላ ትጠይቃታለች። አን ራሷም ምክንያቱን በደንብ አታውቀውም። ብቻ ደስ የሚል ሐሳብ ሲመጣላት በልቧ ብታስቀምጠው እንደምትመርጥ ትነግራታለች።

ማሪላ በዚህ አልተቆጣችም። ይህ ምዕራፍ 31 ላይ ነው፤ ጊዜ ከሌለዎት እሱን ብቻ ያንብቡ። ልጅቷ ልታነበው ከፈለገች ግን ከመጀመሪያው ትጀምር፤ አን ስትለፈልፍ ያልሰማ ሰው ዝምታዋ አይገባውም።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። ስለ ጓደኛዋ ጉዳይ የሉዊዝ ፊትዝሂው "ሃሪየት ዘ ስፓይ" (1964) ይሻላታል። ሃሪየት 11 ዓመቷ ነው። ስለ ሰው ሁሉ ያየችውን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ጓደኞቿንም አትምርም። አንድ ቀን ደብተሩ እጃቸው ይገባል፣ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ከዚያ ሁሉም ያገሏታል። መጽሐፉን የምወደው ሃሪየትን ምስኪን አድርጎ ስለማያቀርባት ነው። ታበሳጫለች፣ ትበቀላለች፣ ይቅርታ መጠየቅ ሞት ይሆንባታል። ጓደኛ የራቃት ልጅ ማንበብ የሚያስፈልጋት ስለ መልካም ልጆች ብቻ አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ የልጅዎን ደብተር እርስዎም አይክፈቱ።)

ስለ ሰውነት ለውጥ ደግሞ ጁዲ ብሉም እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመችው "አር ዩ ዜር ጋድ? ኢትስ ሚ፣ ማርጋሬት" አለ። ማርጋሬት 12 ሊሞላት ነው። አዲስ ሰፈር ገብታለች። ጡቷ መቼ እንደሚያድግ፣ የወር አበባዋ ከጓደኞቿ ኋላ ይመጣ እንደሆነ ያስጨንቃታል፤ ማታ ማታ ይህን ሁሉ ለእግዚአብሔር ታወራለች። ወላጆቿ በሃይማኖት ስለሚለያዩ የትኛው የእሷ እንደሆነም ግራ ገብቷታል። በዚህ ሁሉ የተነሣ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት እናስወጣ ያሉ ወላጆች ብዙ ነበሩ። እርስዎ ቀድመው ያንብቡትና ይወስኑ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ልጅቷ ይህን ጉዳይ ከስልክ ከምትለቃቅመው ከማርጋሬት ብትሰማው ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። እንዳይከብዳት ከመሃል አንድ ገጽ ገልጣ ታንብብ፤ የማታውቀው ቃል ባጋጠማት ቁጥር አንድ ጣት ትጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ ያ መጽሐፍ ለጊዜው ይቆይ።

ጥያቄ፦ እኔ 13 ዓመቴ ነው። ስለ ማደግ የሚያወሩ መጻሕፍት ውስጥ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሰው ወይም ውሻ የሚሞተው? ሰልችቶኛል።
ተማሪ

መልስ፦ ጎበዝ! ይህን ጥያቄ ሽልማት የሚሰጡት ትልልቅ ሰዎች ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።

አንዳንድ ደራሲ ሞትን የሚያመጣው መጽሐፉ ቁም ነገር ያለው እንዲመስልለት ነው። እንዲህ ያለውን ግማሽ ላይ ብትተወው ማንም አይቆጣህም። ሌላው ግን የሚጽፈው የምር ጨንቆት ነው። ካትሪን ፓተርሰን "ብሪጅ ቱ ቴራቢቲያ"ን (1977) የጻፈችው የትንሹ ልጇ የቅርብ ጓደኛ በመብረቅ ከሞተች በኋላ ነው። ልጇ የጠየቃትን መመለስ ስላቃታት መጽሐፍ ሆነ። ልዩነቱ ስታነበው ይታወቅሃል፤ እዚያ ውስጥ ማንም ቆሞ ትምህርት አይሰጥህም።

ደግሞም ሁልጊዜ ዋናው ነገር ሞቱ አይደለም። "ሻርሎትስ ዌብ"ን (1952) ያነበበ ሁሉ የሸረሪቷን ሞት ያስታውሳል። ፈርን የምትባለውን ልጅ ግን ልብ ብለህ አይተሃታል? መጀመሪያ ላይ ትንሹን አሳማ ከመገደል ያዳነችው እሷ ናት፤ በየቀኑ ጋጣው አጠገብ ተቀምጣ እንስሳቱ የሚሉትን ትሰማለች። መጨረሻ ላይ አሳማው በትልቁ ትርኢት ሲሸለም፣ እሷ ሄንሪ ከሚባል ልጅ ጋር በሚሽከረከረው መጫወቻ ላይ መውጣት ነው ያማራት። ደራሲው ኢ. ቢ. ዋይት አልወቀሳትም፤ በሁለት ሦስት መስመር ያልፈዋል። ለእኔ ስለ ማደግ የተጻፈው እሱ ነው። ማንም አልሞተም፤ ፈርን ብቻ ጋጣው መሄድ ተወች።

ካልሞተ አላነብም ካላልክ ሁለት ልስጥህ። የጂን ክሬግሄድ ጆርጅ "ማይ ሳይድ ኦፍ ዘ ማውንቴን" (1959) ውስጥ ሳም ከቤት ወጥቶ ጫካ ይገባል። የዛፍ ግንድ ውስጥ ይኖራል፣ ጭልፊት ያላምዳል፣ የሚበላውን ራሱ ይፈልጋል። ብቻውን መሆን ፈልጎ ሄዶ፣ ቆይቶ ሰው ይናፍቀዋል። ሁለተኛው የናታሊ ባቢት "ታክ ኤቨርላስቲንግ" (1975) ነው። እዚያማ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ምንጭ ጠጥተው መሞት ያቃታቸው ቤተሰቦች አሉ። ልጃቸው ጄሲ ለዘላለም 17 ዓመቱ ነው። ዊኒ የምትባለው ልጅ ጠጥታ እንደነሱ ትሁን ወይስ ትደግ መምረጥ አለባት። ምን እንደመረጠች ግን አልነግርህም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሥዕላዊ መጽሐፍ ሌላ አያነብም። ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ጨርሷል። ልከልክለው?
አንድ አባት

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የሬይና ቴልገማየርን "ስማይል" (2010) ይስጡት። ደራሲዋ 6ኛ ክፍል ሳለች ወድቃ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ላይ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጥርስ ሐኪም ዘንድ የተመላለሰችበትን ታሪክ በሥዕል የሠራችበት ነው። የሚያሾፉባት ጓደኞቿን እስክትተው ድረስ ያለው ክፍል በጣም ጥሩ ነው። በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሁለተኛ ሲያነበው ካዩት ዝም ይበሉት፤ ይህን ለማንበብ ደግሞ የሴት ልጅ ታሪክ ነው ብለው አይቀልዱበት።