መብራት ሲመለስ ማን ይነሳል?

ልጆች፣ ሰርቨር የምትነካኩ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሁን የሚሠራ ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) ሌላ፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሰርቪስ ሌላ። ብዙዎቻችሁ ሳይቱ ከተከፈተ በቃ ላፕቶፕ ትዘጋላችሁ።

ፒያሳና ካዛንቺስ ባሉ ትንንሽ ቢሮዎች ይሄን ደጋግሜ አያለሁ። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር (ሳይቱን ለጎብኚ የሚያቀርበው ፕሮግራም) ተጭኗል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ አንዱ ፒኤችፒ (የሳይት መሥሪያ ቋንቋ) ያስፈልገኛል ብሎ ኡቡንቱ ሊኑክሱ ላይ ዝም ብሎ «ኤፒቲ ኢንስቶል ፒኤችፒ» ይላል፤ አፓቼ የሚባለው ሌላ ዌብ ሰርቨር ሳይጠራ ተከትሎ ይገባል፣ ኡቡንቱም እንደ ልማዱ ቡት ላይ (ማሽኑ ሲነሳ) እንዲነሳ ይመዘግበዋል። ለጊዜው ፖርት 80 (ጎብኚ ወደ ሳይቱ የሚገባበት በር) በኤንጂንኤክስ ስለተያዘ አፓቼ ይወድቃል፣ ስህተቱም ስክሪኑ ላይ ያልፋል፣ ማን ያነበዋል? አንድ ማታ መብራት ይጠፋል። ዩፒኤሱም ይደክማል። ማሽኑ ሲመለስ ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ፣ አፓቼ ከቀደመ ደንበኛው በራሱ ሳይት ፋንታ «ኢት ወርክስ!» የሚል ገጽ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ሲሆን ኮንፊግ ለመነካካት አትቸኩሉ። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) «ኤስኤስ» የሚለውን ትእዛዝ (sudo ss -tlnp) ሰጥታችሁ ፖርት 80ን ማን እንደያዘው እዩ። ከዚያ ወስኑ። ሰርቪሶችን የምታዙበት ሲስተምሲቲኤል ላይ ስቶፕ ለአሁን ብቻ ነው፣ ነገ ሲነሳ ያው ነው። ዲስኤብል ደግሞ ለሚቀጥለው ቡት ነው እንጂ እየሠራ ያለውን አያቆምም፤ ሁለቱንም ባንዴ ከፈለጋችሁ ዲስኤብል ላይ «ናው» ጨምሩበት። ማስክ የሚባልም አለ፣ በእጅ እንኳን እንዳይነሳ ይቆልፈዋል። እኔ ብዙም አልወደውም፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ለምን እምቢ እንዳለው ሲፈልግ ይውላል። ፒኤችፒውን ለኤንጂንኤክስ ከሆነ የፈለጋችሁት ከመጀመሪያው ፒኤችፒ ኤፍፒኤምን (ፒኤችፒን ለብቻው የሚያሠራውን ሰርቪስ) በስሙ ጫኑ፣ አፓቼ አይከተልም።

የሬድ ሃት ዘመዶች (ከኡቡንቱ ሌላ የሆኑ የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ አፓቼ ስሙም ኤችቲቲፒዲ ነው፣ ጭናችሁት ዝም ካላችሁት በራሱ አይነሳም፣ ኢኔብል ብሎ ቡት ላይ እንዲነሳ ማዘዝ የእናንተ ሥራ ነው።

ሪቡት ሳታደርጉ ደግሞ ጨረስኩ አትበሉ። ደንበኛውን አስፈቅዳችሁ በምሳ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ እናንተው አጥፍታችሁ አስነሱት። ከተነሳ በኋላ ሲስተምሲቲኤልን ያልተነሳ ሰርቪስ ካለ ጠይቁት፣ አንድ እንኳን ቀይ መስመር ካያችሁ ሒሳባችሁን ሳትቀበሉ ቁጭ በሉና አስተካክሉት።