ግድግዳውን ክረምት ይፈትነው፦ ዘላቂ ቤት ግንባታን ለሚያስተምሩ አዲስ አሠልጣኞች ጥያቄና መልስ

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግንባታ የሚያስተምሩ አሠልጣኞችን ማዘጋጀት የዘወትር ሥራዬ ነው። ዘላቂ የመኖሪያ ቤት ንድፍና ግንባታ እንዴት ይሰጥ ለሚሉ ጥያቄዎች የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አሠልጣኝ ልሆን ነው። ግን ጭቃ አቡክቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከማቡካቱ ጀምሪ። በአካባቢሽ የጭቃ ቤት የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ፈልጊና የሥራ ልብስ ለብሰሽ አብረሻቸው ዋዪ። ጭድ የገባበት ጭቃ ለምን ቀናት እንደሚተኛ፣ ለምን ደጋግሞ እንደሚረገጥ፣ ምርጉ ደርቆ ሳይሰነጠቅ ልስን ለምን እንደማይጀመር እጅሽ ይማራል። እሳቸው «ድሮም እንዲህ ነው» ብለው የሚያልፉትን አንቺ ምክንያቱን ትጨምሪበታለሽ። ስሌትሽ የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሠልጣኞች «ጭቃ የድሃ ቤት ነው» ብለው ይስቃሉ። ምን ልበላቸው?

አይከራከሯቸው፣ ያሳዩአቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ሕንፃና ግንባታ ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ልደታ በሚገኘው ግቢው «ሱዱ» የተባለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል። የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ፎቁን የተሸከመውም ከአፈር ጡብ የተሠራ ስስ ቅስት ነው። የዶርዜን የቀርከሃ ቤትም ያንሱላቸው፤ ሲሠራ ከፍ ይደረጋል፣ ምስጥ ሥሩን ሲበላው እያጠረ ለዓመታት ያገለግላል፣ ካስፈለገም ተነሥቶ ይዛወራል።

ሠልጣኞቹ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ያደጉበት ጭቃ ቤት ጣሪያው አፍስሶ፣ ግድግዳው ያለ ድንጋይ መሠረት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይሆናል። የሚጠሉት እሱን ነው፤ ጥፋቱም የአፈሩ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ጥያቄ፦ ላቦራቶሪ የለንም። አፈሩን በምን እንለየው?

በጠርሙስ፣ በሳጥንና በእጅ። ከላይ ያለውን ብስባሽ አፈር ጠርጋችሁ ከሥሩ ያለውን ውሰዱ። ገላጭ ጠርሙስ እስከ ሲሶው በአፈር ሞልታችሁ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሩበት፤ አጥብቃችሁ ነቅንቁና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ይከተላል፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ንብርብሮቹን በማስመሪያ ለኩ።

ቀጥሎ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 ስፋትና 4 ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን አሠሩ። እርጥብ አፈር ጠቅጥቃችሁ ሞልታችሁ አድርቁትና የደረቀውን ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ የጎደለውን ለኩ። አንዱን ሳጥን በቀይ አፈር፣ ሌላውን በዋልካ ከሞላችሁት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በመጫኛ ተጨምቆ ለሚሠራው የአፈር ብሎኬት አይሆንም፣ መሠረትም ያናጋል።

ለብሎኬት የሚሆነውን ውሃ ለመመጠን ደግሞ እፍኝ አፈር አድቦልቡሉና ከደረት ከፍታ ልቀቁት። ዱቄት ከሆነ ውሃ አንሶታል፣ ሳይፈርስ ጠፍጣፋ ከሆነ በዝቶበታል፣ ጥቂት ቦታ ከተሰበረ ልኩ ነው። አፈሩ ላይ የሚጨመረው ሲሚንቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። ብሎኬቱን በጥላ ሥር እርጥበቱን ጠብቆ ማቆየት ግን አይዘለል፤ በኮሌጆች ሲበላሽ የማየው እዚህ ላይ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስለማይኖር።

ጥያቄ፦ የማስተማሪያ መጽሐፉ «መስኮት ወደ ደቡብ ይሁን» ይላል። ለእኛም ይሠራል?

መጽሐፉ ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉና በየወሩ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ፤ ሠልጣኞቹ መጽሐፉን ራሳቸው ያርሙታል። እዚህ ቤቱ ረዥም ጎኑን ለሰሜንና ለደቡብ ቢሰጥ፣ የደቡቡ መስኮት የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ያስታግሳል። ጋምቤላ ላይ ሙቀት የሚፈልግ የለም፤ እዚያ ትምህርቱ ስለ ጥላና ስለ ነፋስ መተላለፊያ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሶላር ማስተማር አለብኝ?

ጣሪያው ከግድግዳው በበቂ ሁኔታ ወጣ ብሎ መሠራቱን ካስተማሩ በኋላ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምንኖር ጓደኛሞች ለአንድ ኮሌጅ የአፈር ብሎኬት ማሽን ልንልክ ነው። ምን ዓይነት ይሻላል?

ልባችሁ ይባረክ፤ ግን ማሽኑ ይቆይ። በእጅ የሚሠራ የብሎኬት መጫኛ ማሽን ብየዳ የሚችል ወርክሾፕ እዚሁ ሊሠራው ይችላል፤ ሲሰበርም እዚሁ ይጠገናል። ከውጭ መጥቶ መለዋወጫ አጥቶ በመጋዘን የተቀመጠ ማሽን ብዙ አይቻለሁ። ገንዘቡን ለሁለት አሠልጣኞች ሥልጠና፣ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ አድርጉት።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሆነውን አይተናል። የአፈር ቤት በመሬት መንቀጥቀጥ አያስፈራም?

ያስፈራል፣ ይህን መሸሸግ ነውር ነው። በማገር የታሰረ የጭቃ ቤት መጠነኛ መተጣጠፍ አለው። የአፈር ብሎኬት ግን ብቻውን ድንገት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማዕዘኖቹ መያያዝ፣ በርና መስኮት ከማዕዘን መራቅ፣ በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚያስር አግዳሚ (ታይ ቢም) መኖር፣ ጣሪያውም ከእሱ ጋር መታሰር አለበት። ይህን በሥዕል ብቻ ያስተማረ አሠልጣኝ አላስተማረም፤ አንድ ማዕዘን አስሠርቶ አፍርሶ ያሳይ።

ጥያቄ፦ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ይህን አይጠይቅም። ጊዜውስ ከየት ይመጣል?

አዲስ ትምህርት አይክፈቱለት። ግንብ ሲያስተምሩ ከሁለቱ የልምምድ ግድግዳዎች አንዱ በአፈር ብሎኬት ይሠራ፤ የዋጋ ዝርዝር ሲያስተምሩ የሁለቱን ወጪ ያሰሉ። ግድግዳዎቹን ሳያፈርሱ ውጪ ይተዉአቸው፤ አንዱ ክፈፍ ያለው ጣሪያ ይኑረው፣ አንዱ አይኑረው። ውጤት በሰኔ ለሬጅስትራር መግባት ስላለበት የአሠራሩ ነጥብ ያኔ ይሰጥ። በመስከረም የሚገቡት አዲሶቹ ደግሞ የትኛው ግድግዳ የት እንደተሸረሸረ ለክተው፣ ምክንያቱን ጽፈው የመጀመሪያ ነጥባቸውን ከዚያ ያግኙ።