የካቶሊክ ትምህርት ቤት የወላጆችን አስተያየት ወደ ዕቅድ የሚለውጠው እንዴት ነው? ጥያቄና መልስ

በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ለዓመታት ሳገለግል የማሻሻያ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ሥራ ተሳትፌያለሁ። በዚሁ ጉዳይ ላይ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወላጅን ማማከር ግዴታ ነው ወይስ የአስተዳደሩ በጎ ፈቃድ?

መልስ፦ በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም በኩል የሚጠበቅ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የመንግሥት የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም በመማር ማስተማር፣ በትምህርት ቤቱ ምቹነት፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ የሦስት ዓመት ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን፣ መምህራንንና ተማሪዎችን ያካተተ ግለ ግምገማ እንዲያካሂድ ይጠይቃል። የካቶሊክ ጳጳሳት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የነበረው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስታውቋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት (የምዕራቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት) ሕገ ቀኖናም በቁጥር 796 መምህራን ወላጆችን በፈቃደኝነት እንዲያዳምጡ፣ የወላጆች ማኅበርና ስብሰባም እንዲቋቋምና በክብር እንዲያዝ ያዝዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። አስተያየቴ ሚዛን ይደፋል?

መልስ፦ ይደፋል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ስለዚህ በአብዛኞቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የሚበዙት የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እነዚህን ወላጆች ያላካተተ ጥናት ትምህርት ቤቱን አያሳይም። በጾም ወቅት የተማሪዎች ክበብ ምን ምግብ ያቀርባል የሚለው ጥያቄ ለምሳሌ ከእነርሱ ባይመጣ ኖሮ የእኛ ዕቅድ ውስጥ አይገባም ነበር።

ጥያቄ፦ መጠይቅ በየዓመቱ እንሞላለን፤ የሚለወጥ ነገር ግን አላየንም። ችግሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከአጠያየቁ ይጀምራል። «በትምህርት ቤቱ አገልግሎት ረክተዋል?» ተብሎ የተጠየቀ ወላጅ «አዎ» ብሎ ያልፋል፤ ይሉኝታም አለበት። «ልጅዎ ባለፈው ሳምንት በቤት ሥራ ላይ ሲቸገር የረዳው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ስለ አስጠኚ ክፍያ፣ ማታ ስለሚመለስ አባት፣ ማንበብ ስለማትችል አያት ይናገራል። ዕቅድ የሚወጣው ከእንዲህ ያለው መልስ ነው። ወረቀት መሙላት ለሚቸግራቸው ደግሞ ልጅ ለመውሰድ በር ላይ ሲቆሙ በቃል መጠየቅ ይገባል፤ በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ የሚሰበሰብ አስተያየት ጊዜና ስልክ ያላቸውን ሰዎች ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው።

ተማሪዎችንም አትርሱ። እኛ ዘንድ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ትንንሽ ወረቀት አድለን «በግቢያችን ውስጥ የሚያስቸግርህ፣ የሚያስቸግርሽ ምንድን ነው?» ብለን ነበር። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ ስለሌለው ቤት እስክትደርስ ድረስ ውኃ እንደማትጠጣ አንዲት ልጅ ጽፋ አገኘን። ከወላጅም ከመምህርም ይህን ያነሳ አልነበረም። ጥገናው የዓመቱን ዕቅድ መጠበቅ ስለማይገባው በዚያው ሳምንት እንዲሠራ ተደረገ፤ ዕቅዱ ውስጥ የገባው የመጸዳጃ ቤቶቹ መደበኛ ቁጥጥር ነው። ወዲያው የሚስተካከለውን ገንዘብና ጊዜ ከሚጠይቀው መለየት የአስተባባሪው ኮሚቴ ዋና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ብናገር ልጄ ላይ ቂም ይያዝበታል ብዬ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በቃል ማረጋገጫ ብቻም አይወገድም። መጠይቁ ስም የማይጠይቅ ይሁን፤ በልጁ ኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ ተደርጎ አይመለስ፤ የአስተያየት መስጫ ሣጥኑ ቁልፍም ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሳይሆን በወላጅ ተወካዮች እጅ ይሁን። በአንድ መምህር ላይ የሚቀርብ ከባድ ክስ ግን በመጠይቅ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ የራሱ የአቤቱታ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ስብሰባው ሁልጊዜ ወደ ክፍያ ጭማሪ ክርክር ይዞራል። ምን ይደረግ?

መልስ፦ የክፍያውንና የማሻሻያ ዕቅዱን ስብሰባዎች ለያዩአቸው።

ጥያቄ፦ አብዛኛው ወላጅ ከጠየቀ የትምህርት ቤቱ ካቶሊካዊ ማንነት ሊቀየር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ማዳመጥ ድምፅ ማሰጠት አይደለም። የትምህርት ቤቱ ተልዕኮ ሀገረ ስብከቱ ወይም የሚያስተዳድረው የገዳማውያን ማኅበር፣ ለምሳሌ የላሳል ወንድሞች ወይም ሳሌዥያን፣ የሚጠብቀው አደራ ነው። ለወላጆች የሚቀርበው ጥያቄ ያ ተልዕኮ በልጆቻቸው የዕለት ተዕለት ኑሮ ይታያል ወይ የሚል ነው፤ ክፍያ ያዘገየ ቤተሰብ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ስሙ ይጠራል? የሚያነክስ ተማሪ ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ይመደብለታል? በእኔ እምነት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ማንነት ከግድግዳው መስቀል ይልቅ በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይመዘናል፤ መልሱን ደግሞ ከአስተዳደሩ በተሻለ ወላጆች ያውቁታል።

ጥያቄ፦ አስተያየቴ ዕቅዱ ውስጥ መግባቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ የተባለውን፣ የሚሠራውን፣ የማይሠራውንና የማይሠራበትን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፎ ለሁሉም እንዲያሳውቅ ይጠይቁ። «ሁለተኛ ሜዳ ዘንድሮ አይሠራም፤ ገንዘቡ ለቤተ ሙከራ ዕቃ ውሏል» የሚል ግልጽ መልስ ያገኘ ወላጅ በቀጣዩም ዓመት መጠይቁን ይሞላል፤ ምንም ያልተመለሰለት ግን ዝም ይላል፤ ዝምታውንም አስተዳደሩ እንደ እርካታ ይቆጥረዋል። ዕቅዱን ሲያነቡ በየተግባሩ ፊት ኃላፊው፣ በጀቱና የሚጠናቀቅበት ወር መጻፉን ይመልከቱ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከማለቁ በፊት በወላጅ ተወካይዎ በኩል በጽሑፍ ይጠይቁ።