ስድሳ ሲቀርብ እንቅልፍ ላጡት መምህር

መምህር፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። 58 ዓመት ዕድሜ፣ 32 ዓመት አገልግሎት፣ የኪራይ ቤት፣ ገና ያልጨረሰች ልጅ። ከዚያ «ከስድሳ በኋላ ምን ሆኜ ልኖር ነው?» ይላሉ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሒሳብ ነበር የማስተምረው፤ ስለዚህ በቁጥሩ ልጀምር።

ስታፍ ውስጥ ስለ ጡረታ አበሉ ሁሉም የየራሱን ይላል። አንዱ «ግማሹ ነው» ሲል ሌላው «እሱም አይደርስሽም» ይል ነበር። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 ነው። እርስዎ በ60 ሲወጡ 34 ዓመት ይሆንዎታል። 24 በ1.25 ሲባዛ 30፤ በድምሩ 60 በመቶ። የሚታሰበው በመጨረሻው ደመወዝ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ነው። አማካዩ 10,000 ብር ቢሆን 6,000 ያገኛሉ። የዘገየ እርከን ወይም የደረጃ ዕድገት ካለዎት አሁኑኑ ይወትውቱ። ሊወጡ ወር ሲቀርዎት ቢመጣ አማካዩን ንቅንቅ አያደርገውም።

እኔን ያንገላታኝ ግን ፋይሉ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ያስተማርኩት ሌላ ወረዳ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ ማኅደሬ ውስጥ የለም። የቢሮው ልጅ አገላብጦ «እማማ፣ ይኼ አይያዝልዎትም» አለኝ። (እማማ ተብዬ የተጠራሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ቲቸር ነበርኩ።) 4 ዓመት ማለት 5 በመቶ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ተመላልሼ የድሮውን ፔሮል ከአንድ መጋዘን አስፈልጌ አገኘሁት። አቧራውን ሳራግፍ ፊርማዬ ወጣ። አሁን ከምፈርመው ጋር አይገናኝም፤ ደግነቱ ስሜ ከነአያቴ ተጽፏል። እርስዎ ሁለት ዓመት አለዎት። በዚህ ሳምንት ሄደው ማኅደርዎን ያስወጡ። የትውልድ ዘመንዎንም ይዩ፤ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ነው።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያው መስከረም ላይ ቤት ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም ድንገት ብድግ እላለሁ። ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ ብድግ። ያስተዋለው ባለቤቴ ነው። ሰዓቱን አይቶ «አንቺ፣ በየ40 ደቂቃው እኮ ነው የምትነሺው! ደወል ይሰማሻል እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። ማታ ግን አለቀስኩ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንዲያው ስነሳ ስቀመጥ ከረምኩ፤ ከዚያ መቼ እንደተወኝ አላውቅም።

ስለ ኪራዩ አልዋሽዎትም። ጡረታ ብቻውን ኪራይም የልጅ ትምህርትም አይችልም። እኔን የደገፈኝ ማስጠናት ነው። ስህተቴ ከወጣሁ በኋላ መጀመሬ ነበር። ወላጅ የሚፈልገው አሁን ክፍል የሚገባ መምህር ነው። እኔ ስጀምር «አዲሱን መጽሐፍ ያውቁታል?» ብለው የጠየቁኝ አሉ፤ 34 ዓመት አስተምሬ! እርስዎ ገና ስምዎ በትምህርት ቤቱ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ልጅ ይያዙ። ሲወጡ ወላጆቹ አብረውዎት ይቀጥላሉ።

ማኅደርዎን አይተው የጎደለ ወረቀት ካለ እዚሁ ይጻፉልኝ። ለዚያ ወረዳ ያስገባሁት ማመልከቻ ኮፒ አሁንም አለኝ፤ ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ።