ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ይግባ?

እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ይኼ ነው። ሥራ ቦታ የምትይዘውን ምሳ ለአየር ንብረት ወደሚሻል፣ ከሥጋ ነጻ ወደሆነ ምግብ መቀየር ትፈልጋለች። የአትክልት በርገሩ ዋጋው አልቀመስ አላት። ምስሩም ከሩቅ አገር የመጣ ስለሆነ «ታዲያ ምን ለወጥኩ?» ብላለች። እኔም እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምሠራው። ምሳ ከቤት መያዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ስለ ርቀቱ ብዙ አትጨነቂ። አብዛኛው ምግብ በአየር ንብረት ላይ የሚያመጣው ብክለት ከእርሻው ነው፤ የመጓጓዣው ድርሻ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው የተመራማሪዎቹ የፑርና የኔሜቼክ ጥናት ከ119 አገሮች መረጃ ሰብስቦ ነበር። ለሥጋ ከሚረባ ከብት 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል። ከጥራጥሬ ግን 1 ኪሎ አይሞላም። ከብት ሲያመሰኳ ሚቴን የሚባል ሙቀት አማቂ ጋዝ ያገሳል፤ ለግጦሽም ደን ይመነጠራል። ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ሥሮቻቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ብዙ ማዳበሪያ አይፈልጉም። አገር ቤት ገበሬው ጤፍና ስንዴ ከዘራበት ማሳ ላይ ጥራጥሬ የሚያፈራርቀው ይኼን በልምድ ስላወቀ ነው። ስለዚህ ምስርሽ ካናዳ ቢበቅልም ግድ የለም፣ ብዪው።

ከባዱ ነገር አውሮፕላን ነው። እዚህ ከምንገዛው እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ አለ። መንገዱ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የአንድ ኪሎ ጭነት ብክለት ደግሞ ከመርከብ 50 እጥፍ ያህል ይሆናል። ያን እንጀራ በምስር ብትበዪው የሚብሰው እንጀራው ነው። የአገር ቤቱን ጣዕም መናፈቅሽ ይገባኛል፤ ለበዓል ይሁን። ለዘወትር ምሳ ግን እዚሁ የተጋገረ ግዢ። ጤፉ እዚሁ አሜሪካ፣ አይዳሆ የበቀለ ከሆነማ እሰየው። አውሮፓ ያላችሁም ከኬንያ በአውሮፕላን የሚገባውን ፎሶሊያ ልብ በሉት።

ሌላው፣ ሥጋ ትተሽ ቺዝ በዳቦ መያዝ ብዙም አያዋጣም። በዚያው ጥናት በፕሮቲን ሲሰላ የቺዝ ብክለት ከዶሮ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ወደ ምሳ ዕቃው ስንመጣ የኔ ምርጫ አዚፋ ነው። ድፍን ምስር ማታ ቀቅለሽ፣ ውሃውን አጠንፍፈሽ፣ በማንኪያ ዳመጥ ዳመጥ አድርጊው። ሎሚ፣ ዘይትና የተበጠበጠ ሰናፍጭ ጨምረሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ጠዋት ከትፈሽ ጨምሪ፤ ካደረ ውሃ ያወጣል። ቀዝቃዛውን ስለሚበላ የማይክሮዌቭ ወረፋ የለም፤ «ሽታው ሰው ይረብሻል» ብሎ መሳቀቅም የለም። ሰናፍጩ ደግሞ እኔን ከሰዓት በኋላ ያነቃቃኛል።

ሽሮ ከወደድሽ ቀጠን አድርገሽ አውጪው፣ ሲያድር ይጠጥራል። እንጀራውን ጠቅልለሽ ለብቻው ያዢ፤ ከወጡ ጋር ካደረ ይላሽቃል። ክክ አልጫና ጎመን እሑድ በዛ አድርጌ እሠራና ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ፍሪዘሩን የምወደው ምግብ እንዳይደፋ ስለሚያደርግ ነው። ተበላሽቶ የሚጣል ምግብም እኮ ተዘርቷል፣ ተጓጉዟል፣ በስሏል።

በርገሩን አትግዢ አልልም። ከበሬ ሥጋው በብዙ ይሻላል፤ ሲያምርሽ ብዪው። ግን በየቀኑ ለሱ ገንዘብ የምታወጪበት ምክንያት አይታየኝም። የጾም በያይነቱን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲበላው የኖረ ነው፤ እጃችን ለምዶታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሰሽ የምትተዪ ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬ አይገኝም። ሐኪምሽን አማክረሽ ኪኒኑን ውሰጂ። ለምሳ ብቻ ከሆነ የምትቀይሪው፣ ቤት ገብተሽ እንቁላሉንም ወተቱንም ስለምታገኚ ብዙ አያሳስብሽም።